«ፋየርዎሌ መስፈርት ያሟላል» ለማለት ምን ይበቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭነን ፋየርዎል (ወደ መረብ የሚገባና የሚወጣውን የሚያጣራ መከላከያ) እናዘጋጃለን፤ ለግል ድርጅቶች ሸጠናል። አሁን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባወጣው ጨረታ ላይ ‹ዕቃው ዓለም አቀፍ የደህንነት መስፈርት ያሟላ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይቅረብ› ይላል። በውስጡ ያለው ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ሶፍትዌር) የፊፕስ ሰርተፊኬት አለው። እሱን አያይዘን ብናቀርብ ይበቃናል? ካልበቃስ ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ አይበቃችሁም። ገምጋሚው ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከሆነ እንዲያውም ሊጎዳችሁ ይችላል፤ የሌላ ዕቃ ምስክር ወረቀት በራሳችሁ ዕቃ ስም ያቀረባችሁ ይመስላልና። እንዲህ ስል ግን ጨረታውን ተዉት ማለቴ አይደለም። ማቅረብ የምትችሉት ነገር አለ፤ ሥራ ይጠይቃል እንጂ። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝና ከዞናችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ስለሚለኝ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ፊፕስ። ፊፕስ 140 የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) ያወጣው መስፈርት ሲሆን፣ ማረጋገጫውን ከካናዳ መንግሥት ጋር በጋራ ይሰጡበታል። የሚመለከተው የምስጠራ ሞጁልን ብቻ ነው፤ ቁልፍ የሚያመነጨውን፣ የሚመሰጥረውንና የሚፈታውን ክፍል ማለት ነው። የፋየርዎሉ ደንብ በትክክል መሥራቱን፣ መቆም ያለበት ፓኬት (በመረብ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) መቆሙን፣ ሎጉ (የክስተት መዝገቡ) መጻፉን አይጠይቅም። ስለዚህ የፊፕስ ሰርተፊኬት ብቻውን ፋየርዎልን ፋየርዎል አያሰኘውም።

በዚያ ላይ ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው ለስም ሳይሆን ለቨርዥን ነው። «ኦፕንኤስኤስኤል ሰርተፊኬት አለው» የሚባለው አነጋገር ልክ አይደለም። የ3.0 የፊፕስ ሞጁል እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በ140-2 መሠረት ተረጋግጧል፤ የተረጋገጠው ግን በሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ቨርዥን ነው፣ ከእሱ ጋር በሚወጣው የደህንነት ፖሊሲ ሰነድ እንደታዘዘው ተሠርቶና ተዋቅሮ ሲሄድ። ከሊኑክስ ስርጭቱ ጋር የመጣውን ተራ ኦፕንኤስኤስኤል ጭናችሁ ከሆነ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም የተረጋገጠው ሞጁል እሱ አይደለም። ሞጁሉ በትክክል ተጭኖ እንኳ የፊፕስ ሞድ (የጸደቁ የምስጠራ ስልቶችን ብቻ የሚያስጠቅመው ቅንብር) ካልበራ ዋጋ የለውም። ቀኑንም ተመልከቱ፦ የ140-2 ሰርተፊኬቶች እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2026 ዓ.ም. ወደ ታሪካዊ ዝርዝር ይዛወራሉ፤ ለአዲስ ግዥ የሚፈለገው 140-3 ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚያምታቱበት አነጋገር አለ። «ፊፕስ የተረጋገጠ» ማለት ቁጥር ያለው ሰርተፊኬት በኒስት ዝርዝር ላይ ይገኛል ማለት ነው። «ከፊፕስ ጋር የሚስማማ» ማለት ግን ሻጩ ራሱ ስለ ራሱ የተናገረው ነው፤ ማንም አልመረመረውም። «የተረጋገጠ ሞጁል የሚጠቀም» የሚባልም አለ፤ ይህኛው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ስለ ሞጁሉ እንጂ ስለ ሙሉው ዕቃ አይናገርም። የእናንተ፣ በትክክል ከሠራችሁት፣ ሦስተኛው ነው። ሰነዳችሁ ላይ ሦስተኛውን ጻፉ፤ ወደ አንደኛው አታስጠጉት።

ለመንግሥት ገዢዎች ስለ ፋየርዎሉ ስለራሱ የሚመሰክረው ኮሞን ክራይቴሪያ ነው፤ በአይሶ ቁጥሩ 15408። አሠራሩ እንዲህ ነው። አምራቹ «ይህ ዕቃዬ እነዚህን የደህንነት ተግባራት ይፈጽማል» ብሎ ሴኪዩሪቲ ታርጌት የሚባል ሰነድ ይጽፋል። ፈቃድ ያለው ላቦራቶሪ ሰነዱን ከዕቃው ጋር አስተያይቶ ይፈትናል፤ የአገሩ የማረጋገጫ አካል ሰርተፊኬት ይሰጣል። ዛሬ ፋየርዎሎች በብዛት የሚገመገሙት ለኔትወርክ መሣሪያዎች በወጣው የጋራ የመስፈርት ሰነድና ስቴትፉል ፋየርዎሎችን (የግንኙነቱን ሂደት እየተከታተሉ የሚያጣሩትን) በሚመለከተው ተጨማሪ ሞጁል ነው። ሁለቱም ሰነዶች በነጻ ይገኛሉ፣ ፈተናዎቹም አንድ በአንድ ተዘርዝረውባቸዋል። ይህን ያዢልኝ፤ ወደ ኋላ የምመለስበት ነው።

አገራችን ኢትዮጵያ የኮሞን ክራይቴሪያ የጋራ እውቅና ስምምነት አባል ናት፤ ሰርተፊኬት ተቀባይ እንጂ ሰጪ ሆና አይደለም። ስለዚህ ውጭ አገር የተሰጠ ትክክለኛ ሰርተፊኬት እዚህ እውቅና አለው፤ ለራሳችሁ ዕቃ ሰርተፊኬት ብትፈልጉ ግን ሰጪ በሆነ አገር ላቦራቶሪ ማለፍ ግድ ነው። ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ መንገድ ነውና ለሦስት ሰዎች ድርጅት ዘንድሮ አልመክረውም።

የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጁ ሰዎችም በዚሁ አንድ ነገር ልበል። «ኢኤኤል 4 እና ከዚያ በላይ» ብሎ መጻፍ እየተለመደ መጥቷል። ኢኤኤል ከ1 እስከ 7 የሚሄድ ደረጃ ሲሆን የሚለካው የምርመራውን ጥልቀት ነው፤ ፋየርዎሉ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ አይለካም። ጥቂት ተግባር ብቻ ያስመዘገበ አምራች በጥልቀት ቢመረመር ትልቅ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በስምምነቱ መሠረት የጋራ እውቅናው በጋራ የመስፈርት ሰነድ ለተገመገመ ዕቃ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ እስከ ኢኤኤል 2 ድረስ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጻፍ «ስቴትፉል ፋየርዎልን በሚመለከተው የመስፈርት ሰነድ የተገመገመ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

አሁን ያየሁትን ልንገርሽ፤ የምለው ሁሉ ከእሱ የመጣ ነውና። ከዓመታት በፊት በዚሁ በዞናችን በአንድ መሥሪያ ቤት የተገጠመ ፋየርዎል እንድፈትሽ ተጠርቼ ሄድኩ። ዕቃው የታወቀ ምርት ነው። ፋይሉ ውስጥ የኮሞን ክራይቴሪያም የፊፕስም ሰርተፊኬት፣ የአምራች የውክልና ደብዳቤም አለ፤ ሁሉም ማኅተም የተረገጠበት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የፈርምዌር (የዕቃው የውስጥ ሶፍትዌር) ቨርዥን ይዤ ዕቃው ላይ ስገባ፣ የተጫነው ከተገመገመው ሁለት ዋና ቨርዥን ይርቃል። የፊፕስ ሞድ አልበራም። ቪፒኤኑ (የተመሰጠረው መስመር) ከቅርንጫፍ ቢሮው ጋር የሚነጋገረው ባረጀ የምስጠራ ስልት ነው። የአስተዳዳሪው ገጽ ከውጭ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ነው፤ ፓስወርዱም ከፋብሪካ እንደመጣ። ያቀረበው ድርጅት ሰው «ሰርተፊኬቱ እኮ ተያይዟል» አለ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ጡረታ የደረሱ እናት፣ ፋይሉን በእጃቸው እንደያዙ «ታዲያ ይህ ወረቀት የየትኛው ዕቃ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይልቅ ዋናውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

የእናንተም ሰነድ መመለስ ያለበት ይህንኑ ነው፦ ወረቀቱ የየትኛው ዕቃ ነው? ሰርተፊኬት ባይኖራችሁም፣ በእጃችሁ ያለው ሳጥን፣ በላዩ ያለው ቨርዥን፣ የተዋቀረበት ሁኔታና የተፈተነው ፈተና አንድ ለአንድ የሚገናኙ ከሆነ፣ እኔ ካየሁት ባለ ሰርተፊኬት ዕቃ የበለጠ ማረጋገጫ ይዛችኋል። ሕጋዊ እኩያው ነው ማለቴ አይደለም። ሰነዱ በግልጽ «የኮሞን ክራይቴሪያ ሰርተፊኬት» ካለ በራሳችሁ ዕቃ አትገቡም፤ የተረጋገጠ ምርት ከአምራቹ ውክልና ይዛችሁ ማቅረብ ብቻ ነው አማራጩ። «ማረጋገጫ» ብቻ ካለ ግን በር አለ።

እንግዲህ ያዢልኝ ወዳልኩት ልመለስ። የፋየርዎሉን የመስፈርት ሰነድና የፈተና ዝርዝሩን አውርዱ። ከዚያ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንዱን በውጭ አንዱን በውስጥ በኩል ሰክታችሁ፣ ላቦራቶሪው የሚሠራውን አብዛኛውን ፈተና ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ውጤቱ ሰርተፊኬት አያሰጥም፤ ዕቃችሁን ግን እስከ ዛሬ ካወቃችሁት በላይ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ዕቃው በርቶ ሲነሳ የሚደረገውን ፈተና ሥሩ። መስፈርቱ ዕቃው በሚነሳበት ጊዜ ደንቦቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ፓኬት እንዳያልፍ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ባለ ትልቅ የመረጃ ማዕከል ፋየርዎል በዓመት አንዴ ይነሳ ይሆናል። እኛ ዘንድ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ ሄዶ ይመጣል? እያንዳንዱ መምጣት አንድ መነሳት ነው። በሊኑክስ ላይ የኔትወርክ ካርዱ ተነስቶ፣ ፓኬት ማስተላለፍም ተፈቅዶ፣ ኤንኤፍቴብልስ (የሊኑክስ የፓኬት ማጣሪያ) ደንቡን ገና ሳይጭን የሚቆይባቸው ጥቂት ሰከንዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የአገልግሎቶቹ ቅደም ተከተል ካልተስተካከለ። በዱሮ ጊዜ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በአልዩ አምባ በኩል ነበር ወደ አንኮበር የሚወጣው፤ የኬላው ሰው እስኪነቃ በሩ ክፍት ቢያድር ኬላ መኖሩ ምን ይረባል? ከውጭ ያለው ላፕቶፕ ሳያቋርጥ ፓኬት እየላከ፣ ውስጥ ያለው በቲሲፒደምፕ (ፓኬት በሚቀርጽ ፕሮግራም) እየመዘገበ፣ ገመዱን ነቅላችሁ መልሱ። ደግማችሁ ደጋግማችሁ። አንድ ፓኬት እንኳ ካለፈ አስተካክሉና እንደገና ፈትኑ።

ቀጥሎ የሐሰት አድራሻ። ከውጭ ገብቶ «ከውስጥ ነው የመጣሁት» የሚል አድራሻ የያዘ ፓኬት፣ መነሻው 127 የሚል (መሣሪያ ለራሱ ብቻ የሚጠቀምበት አድራሻ)፣ መነሻው የብሮድካስት ወይም የመልቲካስት አድራሻ (ለሁሉም ወይም ለብዙ መሣሪያ መላኪያ) የሆነ፣ የተሰባበረና የማይገጣጠም ፓኬት፣ ሁሉም መውደቅ አለበት። በስኬፒ (ፓኬት መሥሪያ ፕሮግራም) እየሠራችሁ ላኩት። ይህን ሁሉ በአይፒቪ4 (በቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ከጨረሳችሁ በኋላ በአይፒቪ6 (በአዲሱ) ድገሙት፤ ብዙ ሰው በአራቱ ላይ ግንብ ሠርቶ ስድስቱን አጥር አልባ ይተዋል። ደንቦች አስተዳዳሪው ባስቀመጠው ቅደም ተከተል መነበባቸውን፣ ምንም ደንብ ያልገጠመው ፓኬት መውደቁንም አረጋግጡ።

ሎግ ላይ የሚታለፍ ነገር አለ፦ ሰዓት። የእነዚህ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ውስጣዊ ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የዛሬው ጥቃት ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ ቀን ይዞ ሊመዘገብ ይችላል። ሰዓቱን ከታመነ ምንጭ እንዲወስድ አድርጉ፤ ምንጩ ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ የክስተት መዝገቡን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሎጉ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። በመመሪያችሁ ላይ በግልጽ አስቀምጡት። ይህን የስድስት ሰዓት ልዩነት ያልተረዳ ሰው ትክክለኛውን መስመር ሳያይ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ሎጉ በተመሰጠረ መስመር ወደ ሌላ ሰርቨር መላክ መቻል አለበት፤ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን ያጠፋል ወይስ አዲሱን ይጥላል የሚለውም መልስ ይፈልጋል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ፓስወርድን በተደጋጋሚ የተሳሳተ ሰው ይታገድ፤ ዝም ያለ የአስተዳዳሪ ክፍለ ጊዜ ራሱ ይዘጋ፤ አነስተኛው የፓስወርድ ርዝመት እስከ 15 ፊደል ከፍ ማለት ይቻል፤ ፓስወርድ ዲስክ ላይ በግልጽ ጽሑፍ አይቀመጥ። አፕዴቱ በዲጂታል ፊርማ ይጠበቅ፤ ፈተናውም አንዲት ባይት ቀይራችሁ ብትጭኑት እምቢ ማለቱን ማየት ነው።

ይህን ሁሉ ስትሠሩ ለእያንዳንዱ መስፈርት አንድ ገጽ ይኑር፦ መስፈርቱ ምን ይላል፣ ዕቃችን በምን ይመልሰዋል፣ እንዴት ፈተንነው፣ በየትኛው ቨርዥን፣ ማን፣ መቼ፣ ምን ተገኘ። የተቀረጸው የፓኬት ፋይል ይያያዝ። ያላለፈ ፈተና ካለ አትደብቁት፤ «ይህን አያሟላም፣ በዚህ ቀን እናሟላለን፣ እስከዚያው አደጋውን በዚህ እንቀንሳለን» ብላችሁ ጻፉ። ሁሉም «አልፏል» የሚል ሰነድ ሲደርሰኝ እኔ ለራሴ እጠራጠራለሁ። ፈተናውን ያየ ሦስተኛ ወገን ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የምታውቁት የኔትወርክ መምህር ተቀምጦ አይቶ ቢፈርምበት የእናንተ ቃል ብቻ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ግን በአዋጅ ቁጥር 808/2006 ሥልጣን የተሰጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ በዛሬ ስሙ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ የሚያደርገው ፍተሻ ነው። ለመንግሥት መረብ የሚገባ ዕቃ ላይ እሱ ያለው ነገር ከእኔም ከእናንተም ቃል ይቀድማል። ፋይላችሁን ጨርሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ባዶ እጅ ሄዶ «ፈትሹልን» ከማለት የተዘጋጀ ፋይል ይዞ መሄድ ሥራውን ያቀልላቸዋል።

ዕቃው ውስጥ ያሉትን የሶፍትዌር ክፍሎች ከነቨርዥናቸው ዝርዝር አውጡ። የመጨረሻውን የሲስተም ምስል (የሚጫነውን ሙሉ ፋይል) የሻ-256 አሻራ፣ ማለትም ፋይሉ በትንሹ ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ ቁጥር፣ ሰነዱ ላይ አትሙ፤ ገዢው ሲረከብ እዚያው አስልቶ ያስተያየው። ያን ቀን የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ጥያቄ ወዲያው ይመለስ ነበር፣ ይህ ተደርጎ ቢሆን።

ከሽያጭ በኋላ ያለውን ደግሞ እንዳትዘነጉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ዓ.ም. ጁኒፐር ስክሪንኦኤስ በተባለው የፋየርዎል ሶፍትዌሩ ውስጥ ያልተፈቀደ ኮድ ማግኘቱን ራሱ ይፋ አደረገ፤ አንደኛው ክፍል ያለ ትክክለኛ ፓስወርድ አስተዳዳሪ ሆኖ ለመግባት፣ ሌላኛው የቪፒኤን ልውውጥን ለመፍታት ያስችል ነበር። ስክሪንኦኤስ የኮሞን ክራይቴሪያም የፊፕስም ሰርተፊኬት የነበረው የምርት ቤተሰብ ነው። ኩባንያው ነገሩን ሲያገኝ ይፋ ማድረጉና ማስተካከያ ማውጣቱ ግን ሊታይለት ይገባል። ስለዚህ ገዢው «ሰርተፊኬት አለህ ወይ?» ብሎ ብቻ ማቆም የለበትም፤ «ችግር ሲገኝ በስንት ቀን ትነግረኛለህ? በስንት ቀን ታስተካክላለህ? ለስንት ዓመት?» ይበል። እናንተ ሦስት ሰዎች ናችሁ፤ አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ወደ ውጭ ቢሄድ አፕዴቱን ማን ይፈርማል? የፊርማው ቁልፍስ የት ይቀመጣል? ይህን ካልመለሳችሁ እኔ ገምጋሚ ብሆን ፈተናውን ሁሉ ብታልፉም አላሳልፋችሁም።

ለጨረታው የቀራችሁ ጊዜ አጭር መሰለኝ፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት የምትሠሩት አንድ ነገር ነው። ለግዥ ክፍሉ የማብራሪያ ጥያቄ በጽሑፍ አስገቡ፤ ሰነዱ ለማብራሪያ ያስቀመጠው ቀን ሳያልፍ። «‹ዓለም አቀፍ የደህንነት መስፈርት› የተባለው የትኛው ነው? የኮሞን ክራይቴሪያ ሰርተፊኬት ግዴታ ነው? ግዴታ ካልሆነ በስቴትፉል ፋየርዎል የመስፈርት ሰነድ መሠረት የተሠራ የፈተና ሪፖርት ተቀባይነት አለው?» ብላችሁ ሦስቱን ብቻ ጠይቁ። መልሱ ለሁሉም ተጫራች ይደርሳልና አትፍሩ። ግዴታ ነው ካሉ ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ የተረጋገጠ ምርት የምታቀርቡበትን መንገድ ፈልጉ። አይደለም ካሉ ደግሞ ሁለቱን ላፕቶፖች ሰክታችሁ ገመዱን ከመንቀል ጀምሩ።